የት ላስቀምጠው?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መቃ ቀርጸው ይጽፉ በነበሩ ሰዎች ዘንድ የኖረ አባባል ነውና ለዘመናት ሳይሻር ቆይቷል። በኮምፒዩተር የምንጽፍ የዛሬ ሰዎች ግን በዚህ ምሳሌ ውስጥ የሌለ ሦስተኛ ዕጣ አምጥተናል። ጽሑፉ ተጽፏል፤ ስለዚህ አልተረሳም። የት እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ አይወረስም። ናይሮቢ ተቀምጬ ለወገኖቼ ደብዳቤና ማመልከቻ፣ ትርጉምና የሕይወት ታሪክ በአማርኛ መጻፍ እንጀራዬ ከሆነ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከሰዋስውም ከፊደል ግድፈትም ይልቅ ደጋግሞ የገጠመኝ ጥያቄ «የጻፍኩት የት ገባ?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የሚወለደው በአንዲት ትንሽ መስኮት ላይ ነው። ጽፈን ስናበቃ «አስቀምጥ» ስንል፣ ወይም የቆየውን ፈልገን «ክፈት» ስንል ከገጹ መሀል ብቅ የምትለዋ መስኮት ናት። አብዛኛው ሰው ልብ ብሎ አያያትም፤ የሚያውቀውን ቁልፍ ተጭኖ ያልፋታል። እሷ ግን በመጣች ቁጥር ሦስት ነገር ትጠይቃለች። የት ላስቀምጠው? ማን ልበለው? በምን ዓይነት ላስቀምጠው? ጸሐፊው ካልመለሰላት ራሷ ትመልሳለች። ላነሣው የፈለግሁትም ይህንኑ ነው፤ እኛ ዝም ባልን ጊዜ በእኛ ስም የሚሰጠውን መልስ።

ለመሆኑ ይህች መስኮት ከየት መጣች? አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ማኪንቶሽን ለገበያ ሲያቀርብ፣ የፋይል መክፈቻውና ማስቀመጫው ለፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን አስቦበት ነበር። በማይክሮሶፍት ሠፈር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን መስኮት ይሠራ ስለነበር፣ አንዱን የለመደ ሰው ሌላው ዘንድ ሲሄድ እንግዳ ይሆን ነበር። የጋራ መስኮት ያበጀላቸው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ነው። ያም ሆኖ የፋይል ስም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ እንዳይበልጥ የሚያስገድደው የዶስ ሕግ ወዲያው አልተነሣም፤ ለብዙኃኑ ተጠቃሚ ረጅም ስም የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ነው።

ለእኛ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነበር። የዚያን ዘመን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የላቲንን ፊደላት ቦታ ለግእዝ ፊደል ተውሰው የሚሠሩ ነበሩ። ስለሆነም ገጹ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ቃል ወደ ማስቀመጫዋ መስኮት ሲሻገር ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆን ነበር። ጸሐፊው በአማርኛ ጽፎ ስሙን በባዕድ ፊደል ለማውጣት ይገደድ ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የራሱን መቀመጫ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተሰኘ የግእዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ፋይልን በራሱ ቋንቋ መሰየም ከተቻለ እነሆ ብዙ ጊዜ ሆነ። ልማድ ግን ከሕግ በኋላም ይኖራልና፣ ዛሬም አማርኛ ጽፈው ስሙን በላቲን ፊደል ያውም በአንድ ቃልና በአንድ ቁጥር ብቻ የሚያወጡ ብዙዎችን አያለሁ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ የት ላስቀምጠው? ፎልደር የሚባለውን ነገር «ማኅደር» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱ ሰዎች መልካም ቃል መርጠዋል። ማኅደር በጥንት ትርጉሙ የብራና መጽሐፍ የሚገባበት፣ ማንገቻ ያለው የቆዳ መያዣ ነው። መጽሐፉ በዚያ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱ መንገድ ሲወጣም ትከሻው ላይ ያነግተዋል። ቃሉ ከግእዙ «ኀደረ» የመጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። መጽሐፉ ወጥቶ ቢነበብ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፤ አንባቢው ቢለዋወጥም ማኅደሩ አይለወጥም። በኮምፒዩተር ግን ጽሑፉ የሚያድርበትን ቦታ እኛ ካልወሰንን ፕሮግራሙ ይወስናል። አንዱ «ዶኩመንትስ» ወደሚባለው ይወስደዋል፤ ሌላው «ዳውንሎድስ» ውስጥ ይከተዋል፤ ሌላው ደግሞ ባለፈው ጊዜ የተጠቀምንበትን ቦታ አስታውሶ እዚያው ይጥለዋል። ትናንት የጎረቤት የሠርግ ፎቶ ከገባበት ማኅደር ውስጥ ዛሬ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ተደባልቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ የማውቃቸውን አንድ አዛውንት ታሪክ ልንገረው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ መጥተው የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ጀመሩ። የራሳቸው ኮምፒዩተር ስላልነበራቸው በሠፈሩ ካሉት ሳይበር ቤቶች በአንዱ እየተቀመጡ ይጽፋሉ፤ ሲጨርሱም ጽሑፉን በኢሜይል ለራሳቸው ይልካሉ። አንድ ቀን ቀደም ሲል የላኩትን ከኢሜይሉ ላይ በቀጥታ ከፍተው አራት ሰዓት ያህል ጻፉ። በልጅነታቸው ስለ ሞተች ታናሽ እኅታቸው የሚናገር፣ ለልጆቻቸው እንኳ አውርተውት የማያውቁ ምዕራፍ ነበር። ሲጨርሱ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫኑ፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ማጉረምረም አስቀመጠ። ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ። በማግሥቱ ከኢሜይሉ ላይ ሲከፍቱት ያገኙት የድሮውን ጽሑፍ ብቻ ነበር።

እኔ ዘንድ መጡ። «ልጄ፣ አስቀምጫለሁ እኮ! በዐይኔ አይቻለሁ» አሉኝ።

«አስቀምጠዋል ጋሼ» አልኳቸው። «የት እንደሚቀመጥ ግን የጠየቀዎት የለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መስኮቲቱ ሳትጠራ የምትመጣው አዲስ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጥ ነው። ቀድሞ ስምና ቦታ ላለው ፋይል ግን «አስቀምጥ» ማለት «ወደ መጣህበት ተመለስ» ማለት ነው፤ ጥያቄ የለም። ከኢሜይል ላይ በቀጥታ የተከፈተ ፋይል የመጣበት ቦታ ደግሞ ኢሜይሉ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ለጊዜው ያበጀው ስውር ማኅደር ነው። በራሳቸው ኮምፒዩተር ቢሆን ኖሮ ቆፍረን ልናወጣው እንችል ይሆናል። የዚያ ሳይበር ኮምፒዩተሮች ግን ጠፍተው በበሩ ቁጥር የተጻፈባቸውን ሁሉ አራግፈው ወደ መጀመሪያ መልካቸው እንዲመለሱ ተደርገው የተሰናዱ ነበሩ። ቫይረስን ለመከላከል በብዙ ሳይበሮች የሚሠራበት ዘዴ ስለሆነ ባለቤቱን አልወቅሰውም። የጋሼ ምዕራፍ ግን ከጥራጊው ጋር አብሮ ተጠረገ።

ምዕራፉን እንደገና ጻፉት፤ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ሲያስረክቡኝ የተናገሩት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «የመጀመሪያውን የጻፍኩት እሷን እያስታወስኩ ነበር። ይህን የጻፍኩት ግን ያንን ጽሑፍ እያስታወስኩ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስቀድሜ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ከሌላ ቦታ የመጣ ጽሑፍ፣ በኢሜይልም ይምጣ በፍላሽ ዲስክ፣ አንድ ቃል ሳይታከልበት በፊት «ሴቭ አዝ» በሚለው ትእዛዝ መስኮቲቱን ጠርቶ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በዊንዶውስ ላይ ዎርድ ለሚጠቀም ሰው ኤፍ 12 የሚለው ቁልፍ ይህን በአንድ ንክኪ ይፈጽማል። ትእዛዙ ሁልጊዜ በዚህ መልክ አልኖረም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የማክ ሥርዓቱ ከብዙ የራሱ ፕሮግራሞች ላይ አንሥቶት «ዱፕሊኬት» በሚል ቢተካውም፣ በዓመቱ «ኦፕሽን» የሚለውን ቁልፍ ለሚጫን ሰው መልሶ አምጥቶታል።

ሁለተኛው ምክሬ ጥያቄው በየጊዜው እስኪጠየቅ ሳይጠብቁ መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው። መስኮቲቱ ጠያቂ ብትሆንም ታዛዥም ናት። በዎርድ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» ወደሚለው ሲገባ፣ አዲስ ጽሑፍ ሁሉ በራሱ የሚሄድበት ማኅደር የሚመዘገብበት ረድፍ ይገኛል። በነፃ የሚታደለውና በአማርኛ ገጽታም የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ደግሞ ይህንኑ በምርጫዎቹ ውስጥ የፋይል መንገዶች በሚዘረዘሩበት ክፍል ያስተናግዳል። ከመስኮቲቱ በስተግራ ያለው የቦታዎች ዝርዝርም ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ አዘውትረን የምንሠራበትን ማኅደር እዚያ ላይ መሰካት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ መስኮቲቱ በተከፈተች ቁጥር ማኅደራችን ከፊታችን ይሆናል። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው።

ስለ ስም ጥቂት ልበል፤ በዚህ ረገድ የአማርኛ ጸሐፊ ሌላው የማያውቀው ጣጣ አለበትና። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የማይቀበላቸው ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ እዝባር ነው። እኛ ደግሞ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ገ/ማርያም እያልን በእዝባር የምናሳጥር ሕዝብ ነን። የደንበኛውን ስም እንደ ለመደው ጽፎ መስኮቲቱ እንቢ ያለችው ጸሐፊ ተናዶ «ዶኩመንት 1» ብሎ ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቃሉን ዘርግቶ መጻፍ ነው። የላቲኑ ሁለት ነጥብም ከተከለከሉት ወገን ነው፤ የራሳችን ሁለት ነጥብ (፡) ግን ለማሽኑ ሌላ ምልክት ስለሆነ ያለ ችግር ያልፋል።

ከዚህ የሚከፋው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ለጆሯችን «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ነው። በፊደል ተራ ሲደረድራቸው አንዱን ከ«ረ» በፊት፣ ሌላውን ከ«ረ» በኋላ ያስቀምጠዋል። «ዓመት»ን ፈልጎ «አመት» ተብሎ የተሰየመውን ፋይል አያገኝም። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ፣ ኀይሌ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለእርሱ አራት ሰው ነው። የቤተሰብ ጉዳይ የያዘ ማስረጃ ጠፋ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ሲፈለግ ውሎ በሌላው «ሐ» ሥር ተቀምጦ የተገኘበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። ስለ ሞክሼ ፊደላት ሊቃውንቱ የሚያደርጉት ክርክር ይቀጥል፤ በፋይል ስም ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ለየስሙ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው ሊጸና ይገባል።

የዘመን ቁጥርም እንዲሁ ነው። ከአገር ርቆ ለሚኖር ሰው «2012» የሚል ስም ምን ይነግረዋል? የእኛው 2012 ነው ወይስ የአውሮፓው? በመሀከሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ፤ በስደት ማመልከቻ ላይ ደግሞ ሰባት ዓመት የሰውን ቃል ለማስጠርጠር ይበቃል። ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወርና ቀኑን በሁለት በሁለት አኀዝ አስከትሎ፣ በመጨረሻም «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» ብሎ የሚሰይም ሰው ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ዘመኑ አይምታታበትም፣ ፋይሎቹም በየዘመናቸው ተራ ራሳቸው ይሰለፋሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ በምን ዓይነት የሚለው፣ የተቀባዩን አቅም የሚመለከት ነው። ዎርድ እ.ኤ.አ. በ2007 የፋይሉን ዓይነት ከለወጠ በኋላ፣ አሮጌውን ፕሮግራም ይዘው የቀሩ ቢሮዎች አዲሱን ሰነድ ለመክፈት ተጨማሪ ማሟያ ያስፈልጋቸው ነበር። ዛሬም ቢሆን የግእዝ ፊደል ቅርጹ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛችን ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ የሚታረመውን ረቂቅ በመጻፊያው ዓይነት፣ የሚላከውን ደግሞ የፊደሉን ቅርጽ አብሮ በሚይዘው ፒዲኤፍ ማስቀመጥ ጥሩ ልማድ ነው።

እስካሁን ስለ መጥፋት ተናገርኩ። መስኮቲቱ የምታመጣው ሌላ ጉዳት ግን ከመጥፋት ተቃራኒው ነው፤ መታየት። አንድ ጊዜ በአንድ ሳይበር ውስጥ የራሴን ፋይል ልከፍት መስኮቷን ስጠራት፣ በቅርቡ የተከፈቱ ጽሑፎች ዝርዝር ተደርድሮ ጠበቀኝ። የአንዲት ሴት ሙሉ ስም ከነፍቺ ማመልከቻዋ፣ የአንድ ወጣት ስም ከነጥገኝነት መጠየቂያው ነበር። አንዱንም ሳልከፍት ብዙ ነገር አወቅሁ። ከእኔ በፊት የተቀመጠውና ከእኔ በኋላ የሚቀመጠው ሰውም ያንኑ ያውቃል። በስደት ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ሁሉም የሁሉ ዘመድ ወይም የዘመድ ጠላት በሆነበት ሠፈር፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሠራተኛውን ጠርቼ አሳየሁት፤ አብረንም ዘጋነው። በዎርድ ምርጫዎች ውስጥ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎችን ብዛት ወደ ዜሮ ማውረድ፣ በዊንዶውስ የፋይል ማሰሻ ምርጫዎች ውስጥም «ፕራይቬሲ» በሚለው ሥር ያለውን ምልክት አንሥቶ የተከማቸውን ማጽዳት ይበቃል። የሰው ምሥጢር በእጁ የሚያልፍ የጽሕፈት ቤት ሁሉ ይህን ሊያደርግ ይገባል ባይ ነኝ።

የቅርብ ጊዜው ለውጥ ደግሞ «የት» የሚለውን ጥያቄ ከቤታችን አውጥቶታል። ፕሮግራሞቹ አሁን አሁን በቅድሚያ የሚያቀርቡልን ቦታ በራሳችን ማሽን ላይ ያለ ማኅደር ሳይሆን፣ ከባሕር ማዶ ባለ የኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ማኅደር ሆኗል። ጥቅሙን አልክድም፤ ማሽን ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ጽሑፉ ይተርፋል። ጋሼም ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖራቸው ኖሮ ምዕራፋቸው ይተርፍ ነበር። ዳሩ ግን እኛ የምንኖረው መብራትና ኔትወርክ በማይታመንበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ጽሑፉን በዚያ ብቻ ያኖረ ሰው የገዛ ሥራው ለዐይኑ እንኳ ርቆት ነበር። ስለዚህ በዎርድ የማስቀመጫ ምርጫዎች ውስጥ በቅድሚያ በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ እንዲያስቀምጥ የሚያዘውን ሣጥን ምልክት ማድረግ፣ የሩቁን ቦታም እንደ ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ለእኛ ኑሮ የሚስማማ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ለማለት ያነሣሣኝ ግን የቴክኒክ ፍቅር አይደለም። ሰው ሲያልፍ ልጆቹ ኮምፒዩተሩን ይከፍታሉ። ድሮ ቢሆን ሣጥኑን ከፍተው የመሬት ወረቀቱን፣ የጋብቻ ውሉን፣ በክር የታሰረውን ደብዳቤ ያገኙ ነበር። አሁን የሚያገኙት ያችኑ መስኮት ነው። «ዶኩመንት 1»፣ «ዶኩመንት 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ» የሚሉ ስሞች ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል። ከእነዚህ መካከል የአባታቸው ኑዛዜ የትኛው ነው? የእናታቸው የልጅነት ትዝታስ? አንድ በአንድ ከፍቶ ለማንበብ ትዕግሥት ያለው ልጅ የታደለ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ማሽኑን አጥፍተው ይሸጡታል። ጽሑፉም ከነባለቤቱ ይቀበራል።

ጋሼ በኋላ ልጃቸው አሮጌ ላፕቶፕ ሰጣቸውና መጽሐፋቸውን በዚያ ጨረሱት። ማኅደሩን አብረን ስናበጅ ስሙን ምን እንደምንለው ጠየቅኋቸው። የመጽሐፉን ርዕስ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በሁለት ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ «ለልጆቼ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ማሽን ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ማንም ሳይጠይቀው ወደዚያ ይሄዳል።